የጭሱ ዓመት ቀይ

ኦሊቨር ከተማ፣ ከሐይቁ በላይ፣ አሸዋው ዳገት ላይ፣
ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ፍራንክ፤ ስቀዳ እውላለሁ ቀይ በቀይ ላይ።
ሥራዬ አሳላፊ ነው፤ ስሙም እንደ ሥራው፣
ብርጭቆውን ሳሳልፍ እኔንም ያሳልፈኛል የዘመኑ ተራው።

እንግዶች ይመጣሉ ከቫንኩቨር፣ ከካልጋሪ፣
በሩ ላይ «እባብ አለ» የሚል ጽሑፍ አይተው ግማሹ ሳቂ፣ ግማሹ ፈሪ።
ብርጭቆ ያዞራሉ፣ አፍንጫ ይነክራሉ፣
«እንጆሪ ነው፣ ቼሪ ነው፣ የፈረስ ኮርቻ ነው» ይላሉ።
እኔም «አዎ» እላለሁ፤ ምላስ ርስት አይደል?
ማን ገብቶ ይከራከር በሰው አጥር በኩል።

ሸለቆው ጠባብ ነው። የምሥራቁ ጎን የማታ ፀሐይ ይጠግባል፣
የምዕራቡ ጎን ቀድሞ ነቅቶ ቀድሞ ይተኛል።
በረሃ ነው ይሉታል፤ የካናዳ በረሃ!
ቁልቋል አለው፣ አሸዋ አለው፣ በቦይ የሚመጣ ውሃ።

ሽማግሌው ዱዋርቴ፣ በወጣትነቱ ከአዞርስ ደሴት የመጣ፣
ኮክና ቼሪውን ነቅሎ ወይን ሲተክል «አበደ» ያሉትን የቀጣ
(በዱላ አይደለም፤ ሁሉንም በዕድሜ በልጦ ቀብሮ)
ዛሬ በረንዳው ላይ ነው፣ ጉልበቱን በብርድ ልብስ አስሮ።
ጠማቂዋ ልጁ ናት፣ ኢልዳ፤ ቃል የምትቆጥብ፣
እጇ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሐምራዊ፣ ቢታጠብ ባይታጠብ።

ያን ዓመት ነሐሴ ተራራው ነደደ።
ፀሐይ የመዳብ ሳንቲም ሆኖ ወጣ፣ የመዳብ ሳንቲም ሆኖ ወረደ።
ሦስት ሳምንት ጭስ። ሐይቁ ጠፋ፣ ማዶው ጠፋ፣
መኪና በቀትር መብራት አበራ፤ የሆቴሉ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተገፋ።
ዘለላው ግን እዚያው ነበረ። ጠቆረ፣ ጣፈጠ፣ አማረ፤
ሲያዩት ምንም የለበትም። ነገሩ ልጣጩ ላይ ነበረ።

ኢልዳ አስረዳችኝ፤ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ያ ነው፦
«ቀዩም ነጩም ሲጨመቅ ጭማቂው ነጭ ነው።
ነጩን ከልጣጩ ቶሎ እንለየዋለን፤ ያመልጣል።
ቀዩ ግን ቀለም ሊለምን ከልጣጩ ጋር ይተኛል፤
ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አብሮ ይፈላል፣
ልጣጩም ያየውን ሁሉ ይነግረዋል።»

በመጋቢት ከበርሜሉ ቀድተን ለአባቷ ሰጠነው።
አፉ ውስጥ አዞረው። ዋጠው። «ትናንት የጠፋ ምድጃ ነው።»
የቫንኩቨሩ ነጋዴ መጣ፣ አሸተተ፣ ኮቱን ለበሰ፤
የሠላሳ በርሜል ቀይ ዋጋ እበሩ ሳይደርስ ፈረሰ።
ባንኩም በደብዳቤ አዘነልን፤ ወለዱን ግን አልቀነሰ።

«ድፉት» አለች ኢልዳ። ቱቦውን ዘረጋሁ፣
አንዱን በርሜል፣ ሁለተኛውን፣ ከሐረጉ ግርጌ ለቀቅሁ።
አሸዋው ጠጣ፤ አልሰከረም። ሦስተኛው ሲጋመስ
ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እየጎተተ ከበረንዳው ገሠገሠ፣
ቱቦዬን ረገጠ።
ምንም አላለም፤ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ጥር መጣ። ብርድ እዚህ እንግዳ አይደለም፣
ያ ሌሊት ግን ሌላ ነበር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፣ ንፋስ የለም፣
ጨለማው ውስጥ ግንድ ሲሰነጠቅ ይሰማል፣
እንደ ደረቅ ዳቦ ቀጭ ይላል።
ጠዋት ኢልዳ እንቡጡን በምላጭ ከፍላ አየች፤
አረንጓዴ መሆን የነበረበት ልቡ ቡናማ። ሌላ ከፈለች።
መቶ ከፈለች፤
ዘጠና ስምንቱን ወደ በረዶው ጣለች።

በዚያ መኸር ቀይ አልለቀምንም። መረቡ እንደ ተጠቀለለ ከረመ፣
ድቡ እንኳ መጣ፣ ዞሮ አየ፣ ተመልሶ ዘለቀ ሳይቀምስ እንደ ጾመ።

እንግዳ ግን ይመጣል። «ቀይ አላችሁ?» ይላል።
አለን፤ ያው የጭሱ፣ ያፈርንበት፣ እሱ ብቻ ቀርቷል።
ኢልዳ ስም አላወጣችለትም፤ ወረቀቱ ላይ በእጇ ዓመቱን ጽፋለች፣
ዋጋውን ስጠይቃት «አንተ ገምት» ብላኝ ወጣች።

ትናንት አንዲት ሴት ቀመሰች። «ቼሪ» ልትል አፏን ከፈተች፣
ተወችው። በመስኮቱ የተቃጠለውን ዳገት አየች፣
እንደገና ጎነጨች።
«ከዚህ የደፋችሁት አለ?»
«ሁለት በርሜል ተኩል» አልኳት።
ይሁን ብላ ይሁን አዝና፣ ከፊቷ አልለየልኝም፤
ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችልኝ። እኔም
አሳለፍሁላት።